በአዛን መሃል የታሰረ ጎማ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሾፌር ጎማው ከተነፈሰበት ሁለት ምርጫ አለው። ከቸኮለ መንገድ ዳር ካሉት ጎሚስታዎች ወደ አንዱ ጎራ ይላል። ካልቸኮለ ወደ ሐጂ ጣሀ ይሄዳል። ቸኩሎ ሐጂ ጣሀ ዘንድ የሚሄድ ሰው ካለ እሱ ጤናውን ይታይ። ሐጂ አንድ ጎማ ሲያስር ሌላው ሦስት አስሮ እጁን ይታጠባል። ዳዶዎቹን በጣቱ አዙሮ ያስገባል፣ በመፍቻ ያጠብቃል፣ ክሪኩን አውርዶ እንደገና ያጠብቃል። አለቀ ሲሉት ደግሞ ተነስቶ መኪናዋን አንድ ዙር ይዞራትና ተመልሶ ተንበርክኮ እንደ አዲስ ያጠብቃል። መጨረሻ ላይ በእያንዳንዱ ዳዶ አናት ላይ በነጭ ቀለም አንዳንድ ነጥብ ያኖራል። ነጥቡ ሳይደርቅ መኪና ከደጁ አይወጣም።

"ሐጂ ያሰረውን ጎማ የሚፈታው መለከል መውት ብቻ ነው" ይላሉ ሾፌሮቹ፤ ተሳስቀውም ይሄዳሉ። እሱ ግን ስቆላቸው አያውቅም።

ሌላም አመል አለው። ሶላት ሊገባ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ጎማ አይነካም። መፍቻውን ያስቀምጥና እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ አዛኑን ይጠብቃል። ባለመኪናው ቢለምነው፣ ቢቆጣው፣ "እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ፣ ምን አገባኝ" ቢለው ንቅንቅ አይልም። ሰው ይህን ከዲኑ ጥንካሬ ይቆጥርለታል። ሰግዶ ሲጨርስ በጣቶቹ ተስቢህ ያደርጋል፣ የአላህን ውዳሴ ይቆጥራል፤ ይህንንም ይቆጥሩለታል። ሚስቱ ራሂማ ግን አጠገቡ ስለምትሰግድ የምታየው ሌላ ነው። ጣቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ይልና ይቆማል፤ ከዚያ ከአንድ ይጀምራል።

"ሐጂ፣ ሠላሳ ሦስት እኮ ነው" አለችው አንድ ቀን።

"አውቃለሁ" አላት። በማግስቱም አራት ላይ ቆመ።

ጣሀ የቢስቲማ ልጅ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ኮምቦልቻ ወርዶ ጋራዥ ገባ፤ መጀመሪያ ብረት በናፍጣ አጠበ፣ ቀጥሎ ጎማ ነቀለ፣ ኋላ ደሴ ወጥቶ የራሱን በር ከፈተ። በሩን የከፈተው መንገዱ ወደ ሐረጎ ቁልቁለት ከመዞሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ለገበያ ብሎ ነበር የመረጠው። አሁን ያ ቦታ እዳው ሆኗል፤ ወደ ቁልቁለቱ የምትገባ መኪና ሁሉ በጆሮው ውስጥ ነው የምታልፈው። የላላ ዳዶ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ጣሀ ምሳ እየበላም፣ ከሰው እያወራም ያንን ድምፅ ያዳምጣል። ድምፁ የለም። ቢሆንም ያዳምጣል።

ይህ ሁሉ የጀመረው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ረመዳን ሰኔ ላይ በዋለበት ዓመት ነው። ከመግሪብ በፊት ጀላል የሚባል የሰፈሩ ሰው መጣ። ጀላል ቤቱ ደሴ፣ እንጀራው ኮምቦልቻ ነበር፤ ከፋብሪካዎቹ በአንዱ የፈረቃ ኃላፊ ሆኖ ይሠራል። ሐረጎን በየቀኑ የሚወርደውና የሚወጣው በአሮጌ ነጭ ቶዮታ ነው። መኪናዋ ከሱ በፊት ሦስት ጌታ ቀይራለች። "አራተኛው ባሏ ነኝ፣ ብታስቸግረኝ አይፈረድባትም" እያለ ይቀልድባት ነበር። ያን ቀን የኋላ ቀኝ ጎማዋ አንድ ቡሎን ተሰብሮ ነበር።

የዚያች ቶዮታ ጎማ የሚታሰረው በአራት ቡሎን ነው። የቡሎኑ ራስ ከበስተኋላ ተቀርቅሮ ጥርሱ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጎማው ከነብረቱ፣ ከነቸርኬው፣ በላዩ ላይ ይገባና በዳዶ ይታሰራል። አንዱ ሲሰበር ጎማው ይፈታል፣ የፍሬኑ ታምቡር ይወጣል፣ ስባሪው በመዶሻ ወደ ኋላ ይመታል፣ አዲሱ በቦታው ይገባና ራሱ እስኪቀመጥ ድረስ በዳዶ እየተጠበቀ ይሳባል። ለጣሀ ይህ ሥራም አይባል። አዲሱን ቡሎን አስገባ፣ ጎማውን መለሰ፣ አራቱንም ዳዶ በጣቱ አዞረ፣ ክሪኩን አወረደና መፍቻውን አነሳ። አዛን ያለው ይሄኔ ነው።

ቀኑን ሙሉ በክሪክና በመዶሻ ሲታገል ለዋለ ጾመኛ አዛን ምን እንደሆነ የጾመ ያውቀዋል። ጀላል ከኪሱ ተምር አውጥቶ ዘረጋለት።

"ጣሀ፣ አፍጥር አቦ! ጎማው የትም አይሄድብህም።"

ጣሀ መፍቻውን አስቀምጦ ተምሩን በዘይት በጠቆሩ ጣቶቹ ተቀበለ። አፈጠሩ፣ ውሃ ጠጡ፣ ካርቶን አንጥፈው ጎን ለጎን ቆመው ሰገዱ። ጀላል ፈረቃው እንዳይቀድመው ቸኩሏል። እጅ ለእጅ ተጨባበጡና ቶዮታዋ ወደ ቁልቁለቱ ገባች፤ ወዲያው ጉም ሸፈናት።

ሐረጎ ላይ መኪናዋ ከመንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ግንብ ጋር ተላተመች። ሰው ደርሶ ሲያወጣው ጀላል በሕይወት አልነበረም። የኋላ ቀኝ ጎማዋ ከመንገዱ በታች፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተገኘ። መዝገቡ ላይ ጉምና ፍጥነት ተብሎ ተጻፈ፤ ጎማው ከግጭቱ በፊት ይውለቅ ወይስ በኋላ የጠየቀ አልነበረም። ከጣሀ በቀር።

ጣሀ ደግሞ መልሱን ከራሱ ሊያገኘው አልቻለም። ከሰገዱ በኋላ መፍቻውን መልሶ ማንሳቱን ያስታውሳል፤ ክንዱ ሲከብደው፣ ዳዶው ሲጮህ ያስታውሳል። ነገር ግን እጁ በሺህ የሚቆጠር ጎማ አጥብቋል። ትዝ የሚለው የዚያ ቀን ጎማ ይሁን የሌላ ቀን አያውቅም። በርግጠኝነት የሚያስታውሰው የተምሩን ጣዕም ብቻ ነው።

የሰፈሩ ዕድር፣ የቅሬው አባል ነውና መቃብር ቆፈረ፣ ቃሬዛ ተሸከመ። በሦስተኛው ቀን ለጀላል ሚስት ለመርየም ሊነግራት ቆርጦ ሄደ። መርየም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ሰልዋን ደረቷ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። አያትና "አላህ ያጽናሽ" ብሎ ወጣ። በአርባው እነግራታለሁ አለ። በዓመቱ እነግራታለሁ አለ። ዝናብ የመታው ዳዶ በቀን በቀን እየተጣበቀ እንደሚሄደው፣ ነገሩ አፉ ውስጥ ደርቆ ቀረ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ልጁ ሙንዚር ከሚነግድበት አገር ገንዘብ ልኮ ሐጅ እንዲሄድ አደረገው። ሐጅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ጎረቤት ወዳጁን እየዞረ አውፍ በሉኝ እያለ ይቅርታ ይጠይቃል። አላህ የራሱን ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ አውፍ ካላለ ካዕባን ቢዞሩም አብሮ ይዞራል። ጣሀም ሰፈሩን አዳረሰ። "ያወቅሁትንም ያላወቅሁትንም አውፍ በሉኝ" ይላል፤ "አውፍ ብለናል፣ አንተም አውፍ በለን" ይሉታል፤ ይሳሳማሉ። መርየም ደጅ ሲደርስ ያንኑ ቃል ያንኑ ያህል አለ። አንዲት ቃል አልጨመረም። እሷ ረጅም ጊዜ አየችው።

"የነገሩኝን ሁሉ አውፍ ብያለሁ፣ የሙንዚር አባት" አለችው። "ዐረፋ ተራራ ላይ ሲቆሙ ለጀላል ዱዓ ያድርጉለት።"

የነገሩኝን ማለቷን ሰምቷል። የሐዘን ነገር ነው፣ አፏ ተሳስቶ ነው ብሎ አለፈው፤ እንዲህ ብሎ ማለፍ ይቀለዋልና።

ዐረፋ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ እያለቀሰ ሲለምን እጁን ዘረጋ። የእናቱን ስም ጠራ፣ የአባቱን ጠራ፣ የጀላል ተራ ሲደርስ ምላሱ ታሰረ። በጀላል ስም ፋንታ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ሲቆጥር ራሱን አገኘው። የሰረቀውን አውፍታ ይዞ አላህ ፊት መቆሙ ያን ጊዜ ገባው፤ አፈረም፣ ፈራም። ሲመለስ ደሴ በነሺዳ ዜማ ተቀበለችውና ሐጂ የሚለው ስም ተለጠፈበት። ሚስቱ ሐጂ፣ ደንበኛው ሐጂ፣ ያገሩ ሕፃን ሁሉ ሐጂ። በጠሩት ቁጥር ትከሻው ሸምቀቅ ይላል። በዚህ ከተማ ሐጂ ብላው የማታውቅ አንዲት ሰው መርየም ናት። መንገድ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም፣ "እንዴት አደሩ፣ የሙንዚር አባት" ነው የምትለው።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ሰልዋ ከደጁ መጥታ ቆመች። ሃያ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ እሷም እንደ አባቷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ ልብስ ስፌት።

"አሰላሙ ዓለይኩም ሐጂ። የአባቴን መኪና አስነሳናት እኮ!"

ቶዮታዋ ዘጠኝ ዓመት ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆማ ነበር። በጦርነቱ ሰሞን ከየግቢው መኪና ሲወሰድ እሷን ጎማ የለሽ ብለው ትተዋት ሄዱ። ሰልዋ ደመወዟን እያጠራቀመች ግንባሯን አስቀጥቅጣለች፣ ሞተሯን አስጠርጋለች፣ መንጃ ፈቃድም አውጥታለች። የቀረው የኋላ ቀኝ ጎማ ነው። ቡሎኑ ተሰብሯል።

"ጋሹን ልላክልሽ፤ እሱ ጎበዝ ነው፣ እጁም ፈጣን ነው" አላት ጣሀ። ጋሹ ማዶ ያለው ጎሚስታ ነው።

"እናቴ ከርስዎ ሌላ ማንም አይነካውም ብላለች።"

ጣሀ እስከዚያች ጠዋት ድረስ አንዲት መጠጊያ ነበረችው፤ እሷም አለማወቅ ነች። ምናልባት አጥብቄ ይሆናል። ምናልባት ግጭቱ ይሆናል ያወለቀው። ብረቱን ካየ ግን ያውቃል። አራት አዲስ ቡሎን ከነዳዶው ከዕቃ ሻጩ ከምንይሉ ገዛ፤ መሣሪያውን በከረጢት ይዞ ልጅቷን ተከተላት።

መኪናዋ በድንጋይ ተደግፋ ቆማለች። መርየም በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀው ነበር። "እንዴት አደሩ፣ የሙንዚር አባት" አለችው።

ተንበረከከ። ሦስቱ ቡሎኖች እንደቆሙ ናቸው፣ አራተኛው ከሥሩ ተሰብሯል። የሦስቱን ዝገት በጨርቅ ሲጠርግ ጥርሳቸው ተዳምጦ አየ። የተሰበረው እሱ ያስገባው አይደለም፤ የሱ ቆሟል። ይህ ገና ምንም አይነግረውም። የሚነግረው ቸርኬው ነው።

"ጎማው የታለ?" አለ።

"ሰልዋ፣ አውጪው" አለች መርየም።

ጎማው ግቢ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት መርየም መኝታ ክፍል፣ ከቁም ሳጥኑ ጎን፣ የጀላል ሽርጥ ለብሶ ቆሞ ነበር። ሰልዋ ሽርጡን አንስታ እያንከባለለች አመጣችው። ጣሀ አጋድሞ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ጠብቆ የታሰረ ጎማ በግጭት ቢወልቅ ቡሎኑን ይሰብረዋል እንጂ የቸርኬው ቀዳዳ ክብ እንደሆነ ይቀራል። ቀዳዳው የሚበላው ጎማው ላልቶ ብዙ ሲንገዋለል ነው። አራቱም ቀዳዳዎች ተበልተው እንደ እንቁላል ረዝመዋል።

አላጠበቀም። ከሶላት በኋላ መፍቻውን አላነሳም።

አሁንም መሸሽ ይችል ነበር። ስኮርታውን፣ መጠባበቂያውን ጎማ፣ ከመኪናዋ ኋላ አውጥቶ ቢያስር፣ ይህን ጎማ ለብረት ለቃሚ ቢሰጥ፣ ነገሩ እዚያው ይቀበራል። አፉም ወደዚያው ሄደ።

"ይሄ ቸርኬ አይሆንም። ስኮርታውን እናስራለን።"

"ምን ሆኖ ነው የማይሆነው?" አለች ሰልዋ።

"ቀዳዳው ተበልቷል።"

"በምን ተበላ?"

ልጅቷ የጠየቀችው እንዲሁ ነው፤ መኪና እየለመደች ስለሆነ ሁሉን ታውቅ ዘንድ። መርየም በርጩማዋ ላይ ወደፊት ጎንበስ አለች። ጣሀ ዝገት ቢል ዝገት እንዲህ አይበላም። ድንጋይ ቢል ድንጋይም አይበላም። ነገ በዚህች መኪና ሐረጎን የምትወርድ ልጅ ስለ ጎማ ጠይቃው እንዴት ይዋሻት?

"ላልቶ ስለሄደ ነው" አለ። "ያላጠበቅሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን አዛን አለ፣ አባትሽ ተምር ሰጠኝ፣ መፍቻውን አስቀመጥሁ። ሰገድን። መልሼ አላነሳሁትም። ወላሂ እስከ ዛሬ አላወቅሁም ነበር። ጠርጥሬ ነበር ግን። ዘጠኝ ዓመት ጠርጥሬ ዝም አልኩ። አውፍ ልጠይቅ መጥቼም ይህን አልነገርኩም። ዐረፋ ላይም ዱዓውን አላደረግሁለትም፣ መርየም። አቃተኝ።"

ሰልዋ እጇን ከመኪናዋ ላይ አነሳች። አንዴ እሱን፣ አንዴ እናቷን አየች።

"ታውቂ ነበር እንዴ?" አለች እናቷን፤ የመርየም ፊት ላይ ድንጋጤ አልነበረማ።

"አውቅ ነበር" አለች መርየም። "ጎማውን ከቁጥቋጦ አውጥቶ ያመጣልኝ ጸጋው የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ቀዳዳውን አሳየኝና 'እህቴ፣ ይሄ ጎማ አልጠበቀም ነበር' አለኝ። ጀላል ደግሞ ሊወርድ ሲል ደውሎልኝ ነበር። ጣሀ ዘንድ አፍጥሬያለሁ፣ አታስቢ ብሎኝ።" ወደ ጣሀ ዞረች። "ለቅሶው ላይ ጠበቅሁዎት። በአርባው ጠበቅሁዎት። ሐጅ ሊሄዱ ሲመጡ፣ አልሐምዱሊላህ ዛሬ ሊነግረኝ ነው አልኩ። የነገሩኝን አውፍ ብያለሁ አልኩዎት። ምን ነገሩኝ?"

"ምንም።"

"ምንም። ታዲያ ምኑን ልማርዎት?"

"ለምን አልከሰስሽኝም?" አለ ጣሀ። "ለቅሬው ሽማግሎች እንኳ ብትነግሪ?"

"ሰው ይሳሳታል። አዛን ሲል ያፈጠረ ሰው ይከሰሳል እንዴ? ተምሩንም የሰጠዎት የኔው ባል ነው። ስህተቱን ያን ጊዜውኑ እምርዎ ነበር፤ ወላሂ እምርዎ ነበር። ዝም ብለው ፊቴ ሲቆሙ ነው አንጀቴ ያረረው።" በመዳፏ ዓይኗን ጠረገች። "አሁን ልጄ በዚህች መኪና ልትወርድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐጂ የሚያስረው ጎማ አይላላም እያሉ አገሩ ሁሉ ሲስቅ እሰማለሁ። ለምን እንደማይላላ እኔ አውቃለሁ። ሥራዎን ይጨርሱ።"

ጨረሰ። ታምቡሩን አወጣ፣ ስባሪውን መታ፣ ቆመው የቀሩትን ሦስቱንም መትቶ አወጣ። እሱ ያስገባው ቡሎን መጨረሻ ነበር የወጣው። አራቱን በየቦታቸው አስገብቶ፣ ራሳቸው እስኪቀመጥ በዳዶ ሳባቸው። ሰልዋ እጆቿን አጣጥፋ ከራሱ በላይ ቆማለች። ስኮርታውን ሰቀለ፣ ዳዶዎቹን በጣቱ አዞረ፣ ክሪኩን አወረደ። ሰዓቱን ግን አላየም ነበር። ሁለተኛውን ዳዶ እያጠበቀ የዙህር አዛን አለ።

እጁ ቀጥ አለ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ላለ ሰዓት ነበር ሲጠነቀቅ የኖረው። መፍቻው ከዳዶው ላይ እንደተሰካ ቀና ሲል መርየም ታየዋለች። መልሶ አጎነበሰ። ሁለተኛውን አጠበቀ፣ ሦስተኛውን አጠበቀ፣ ሙአዚኑ ጨርሶ ዝም ሲል አራተኛው ላይ ነበር። እሱንም አጠበቀ። መኪናዋን አንድ ዙር ዞረና ተመልሶ ሁሉንም እንደገና ነካካ። ነጩን ቀለም ሲያወጣ ሰልዋ መፍቻውን ከመሬት አንስታ፣ አራቱንም ራሷ በሙሉ ክብደቷ ሞከረቻቸው። አንዱም አልነቃነቅ አላት።

መፍቻውን ጣሀ እግር ሥር ጣለችው። ጠዋት ሐጂ እያለች የመጣችው ልጅ አሁን ፊቱን እንኳ አላየችም። የከሰዓት ፈረቃ አለባት። መኪናዋን አስነስታ ከግቢው ወጣች፤ ደህና ዋሉም አላለች።

ጣሀ እስከ በሩ ተከትሎ ቆመና አዳመጠ። ቶዮታዋ ወደ ቁልቁለቱ እስክትታጠፍ ድረስ ከሞተሯ በቀር ድምፅ አልነበራትም። እሱ ግን ድምፁ ከጠፋም በኋላ እዚያው ቆሞ ቀረ።

መርየም ለሶላት መታጠቢያ የውዱእ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ ከኋላው መጣች።

"እሷ ገና ዛሬ መስማቷ ነው" አለችው። "እኔ ዘጠኝ ዓመት ነበረኝ። ጊዜ ይስጧት፣ ሐጂ።"